ጃፓንን ማድነቅና ጃፓንን ማወቅ፦ የጃፓን የውጭ ፖሊሲ ታሪካዊ ጉዞ ከጋይንት አቅጣጫ ሲታይ

ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልድያ የሚሄደው መንገድ ንፋስ መውጫን አቋርጦ ወደ ምሥራቅ ሲዘልቅ፣ ከጋይንት ወሰን ባሻገር ወደ ደብረ ዘቢጥ አካባቢ ይደርሳል። በዚያ፣ አንቺም በተባለው ሜዳ ላይ፣ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ ከማዕከላዊው መንግሥት ጦር ጋር ተዋግተው ወደቁ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሃያ ወራት ገደማ ውስጥ ሦስት ታላላቅ ነገሮች ተከታትለው ተፈጸሙ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ንጉሥ ተፈሪ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ዘውድ ጫኑ፤ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት ታወጀ፤ በ1924 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የልዑካን ቡድን እየመሩ ቶኪዮ ገቡ።

እነዚህ ድርጊቶች በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ በየምዕራፋቸው ተለያይተው ይነበባሉ። በዘመኑ ዓይናቸውን ወደ ጃፓን ላቀኑ ኢትዮጵያውያን ሊቃውንት ግን የአንድ መንገድ ምዕራፎች ነበሩ። በመጀመሪያ የአውራጃ መሳፍንትን ኃይል በአንድ መንግሥት ሥር ማድረግ፣ ቀጥሎ ሥልጣንን በሕግ መጻፍ፣ በመጨረሻም በዓለም መንግሥታት ፊት እኩል ሆኖ መቆም። ጃፓን ይህን ሁሉ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ፈጽማዋለች ተብሎ ይታመን ነበር። የዚህ ጽሑፍ ክርክር የሚከተለው ነው፤ የጃፓን አድናቂዎች «ጃፓን እንዴት ተነሣች?» የሚለውን ጥያቄ በጥንቃቄ መረመሩ፤ «ከተነሣች በኋላ ምን ፈለገች?» የሚለውን ግን በበቂ አልመረመሩም። የሁለተኛው ጥያቄ መልስ በ1929 ዓ.ም. ሲመጣ ዋጋው ከባድ ነበር።

የዘመን አቆጣጠርን በተመለከተ፣ የኢትዮጵያ ድርጊቶች በዓመተ ምሕረት፣ የጃፓንና የሌሎች አገሮች ግን በአውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) ተጠቅሰዋል።

1. ከእኩልነት ጥያቄ የተወለደ ፖሊሲ

የጃፓን ዘመናዊ የውጭ ፖሊሲ የተጀመረው በመደፈር ነው። በ1853 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው የባሕር አዛዥ ፔሪ የጦር መርከቦቹን ይዞ በኤዶ ወደብ ፊት ሲታይ፣ ለሁለት መቶ ዓመታት ያህል በሯን ዘግታ የኖረችው አገር መክፈት ግድ ሆነባት። በ1858 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካና ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር የተፈረሙት ውሎች ሁለት ነገሮችን ከእጇ አወጡ። የውጭ አገር ሰው ወንጀል ቢሠራ የሚዳኘው በራሱ ቆንስል ነበር፤ የቀረጡንም መጠን ጃፓን ብቻዋን መወሰን አትችልም ነበር። ከዚያ በኋላ ለግማሽ ምዕተ ዓመት የጃፓን ዲፕሎማሲ ዋና ዓላማ እነዚህን ውሎች ማስለወጥ ሆነ።

በ1868 እ.ኤ.አ. የተተከለው የሜይጂ መንግሥት በ1871 እ.ኤ.አ. የመሳፍንቱን ግዛቶች ሽሮ አገሪቱን በማዕከል በሚሾሙ አስተዳዳሪዎች ሥር አደረገ። በዚያው ዓመት በኢዋኩራ ቶሞሚ የሚመራ ታላቅ የልዑካን ቡድን ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ ተጓዘ። ቡድኑ ውሎቹን የማሻሻል ተስፋ ነበረው፤ አልተሳካለትም። ይዞት የተመለሰው ትምህርት ግን ከውል ይበልጥ ነበር፤ ፍርድ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ፋብሪካና የሠለጠነ ጦር የሌለው መንግሥት በውል ጠረጴዛ ላይ እኩል አይቆጠርም። በ1889 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥቱ ታወጀ። በ1894 እ.ኤ.አ. ብሪታንያ የቆንስል ዳኝነትን ለመተው ተስማማች፤ ስምምነቱ በ1899 እ.ኤ.አ. በሥራ ላይ ዋለ። በቀረጥ ላይ ሙሉ ሥልጣን የተገኘው በ1911 እ.ኤ.አ. ነው።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ የተደፈረ ሕዝብ መብቱን የማስመለስ ታሪክ ነው። ከጎኑ ግን ሌላ ታሪክ አብሮት ያድግ ነበር። ጃፓን የቆንስል ዳኝነት ከራሷ ላይ ገና ሳይነሣላት፣ በ1876 እ.ኤ.አ. ያንኑ የቆንስል ዳኝነት በኮሪያ ላይ በውል ጫነች። በ1895 እ.ኤ.አ. ቻይናን አሸንፋ ታይዋንን ወሰደች። የሊያዎዶንግን ልሳነ ምድርም አግኝታ ነበር፤ ሩሲያ፣ ፈረንሳይና ጀርመን አንድ ሆነው አስመለሷት። ከዚህ የተማረችው ድል ያለ ወዳጅ ኃያል መንግሥት እንደማይጸና ነበር። በ1902 እ.ኤ.አ. ከብሪታንያ ጋር ተባበረች፤ በ1904 እና በ1905 እ.ኤ.አ. ሩሲያን ተዋግታ አሸነፈች፤ በ1910 እ.ኤ.አ. ኮሪያን ጠቅልላ ያዘች። ከኃያላን ጋር የመስተካከል ፍላጎትና በጎረቤት ላይ የመሠልጠን ፍላጎት ሁለት የተለያዩ ዘመናት አልነበሩም፤ በአንድ ጊዜ የተወለዱ መንትዮች ነበሩ።

ይህ መንታ ጠባይ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የታየው በ1919 እ.ኤ.አ. ነው። በፓሪሱ የሰላም ጉባኤ ላይ ጃፓን የዘር እኩልነት በመንግሥታት ማኅበር ቃል ኪዳን ውስጥ እንዲገባ ጠየቀች። ከተገኙት ድምፆች ብዙዎቹ ቢደግፉትም፣ ሊቀ መንበሩ ፕሬዚዳንት ዊልሰን የሁሉም ስምምነት ያስፈልጋል በማለታቸው ሐሳቡ ወደቀ። በዚያው የፀደይ ወራት ግን ነጻነታቸውን ለመጠየቅ አደባባይ የወጡት ኮሪያውያን በጃፓን ወታደሮች ይረገጡ ነበር። ሩቅ ላለ ጥቁር ሕዝብ የተሰማው የፓሪሱ ድምፅ እንጂ የሴኡሉ ጩኸት አልነበረም።

2. ኢትዮጵያውያን ያነበቡት ጃፓን

የኢትዮጵያና የጃፓን ዘመናት መመሳሰል ለአንባቢ የሚስብ ነበር። የሜይጂ ሕገ መንግሥት በታወጀበት በ1889 እ.ኤ.አ. የውጫሌ ውል ተፈረመ፤ ጃፓን ቻይናን ባሸነፈች በዓመቱ ኢትዮጵያ በዓድዋ ጣሊያንን ድል አደረገች። ሁለቱም ከአውሮፓ ግዛት ውጭ የቆዩ፣ ጥንታዊ ዘውድ ያላቸው መንግሥታት ነበሩ። ልዩነቱ ከድሉ በኋላ ነው። ጃፓን የቆንስል ዳኝነትን ባስወገደች በዘጠነኛው ዓመት፣ በጥር 1900 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከፈረንሳይ ጋር በተዋዋለችው የክሎቡኮውስኪ ውል ያንኑ ዳኝነት ለውጭ አገር ሰዎች ሰጠች። ከዚያም በፊት፣ በ1906 እ.ኤ.አ. ብሪታንያ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ኢትዮጵያን ሳያማክሩ ጥቅማቸውን የሚያስጠብቅ ስምምነት በመካከላቸው ፈርመው ነበር።

የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ሐሳብ መነሻ ይህ ነው። ገብረ ሕይወት ጃፓንን ያነሡት ለውበቷ አልነበረም፤ ዕውቀትን ያልያዘ ነጻነት ዕድሜ እንደሌለው ለማስረዳት እንጂ። ከእሳቸው በኋላ የመጡት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምና ብላቴን ጌታ ኅሩይ ያንን ሐሳብ በመንግሥት ሥራ ውስጥ አገቡት። አዲስ ሕይወት በ1975 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን የሊቃውንት ወገን በጃፓን ስም ሰይመውታል፤ ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴም ስለ ለውጥ ፈር ቀዳጆች በጻፉት ጥናት በሰፊው መርምረውታል።

ተክለ ሐዋርያት ያረቀቁት የ1923ቱ ሕገ መንግሥት ከሜይጂው ጋር ሲተያይ ዝምድናው ግልጽ ነው። ሁለቱም በሰባት ምዕራፍ የተከፈሉ ናቸው፤ የጃፓኑ 76፣ የኢትዮጵያው 55 አንቀጾች አሉት። ሁለቱም ሕጉን የንጉሠ ነገሥቱ ስጦታ፣ አካሉንም የተቀደሰ ያደርጋሉ። ትልቁ ልዩነት በታችኛው ምክር ቤት ላይ ነው። የጃፓኑ ምክር ቤት ግብር በሚከፍሉ ጥቂት ወንዶች ይመረጥ ነበር፤ መራጩ ከሕዝቡ አንድ መቶኛ ያህል ቢሆንም ምርጫ ግን ነበረ። የኢትዮጵያው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ በመኳንንትና በሹማምንት እንዲመረጡ ተደረገ።

3. አንቺምና የሳትሱማ ጦርነት

አገር ውስጥ ያለው ተመሳሳይነት ሲመረመር ጋይንትና አካባቢዋ ወደ ጥያቄው መካከል ይገባሉ። በ1877 እ.ኤ.አ. በደቡብ ጃፓን ሳይጎ ታካሞሪ የመሩት የሳትሱማ ዐመፅ ለአዲሱ መንግሥት የመጨረሻው ትልቅ የጦር ፈተና ነበር። ሳይጎ የለውጥ ጠላት ብቻ አልነበሩም፤ የሜይጂን መንግሥት ካቋቋሙት አንዱ ነበሩ። ራስ ጉግሣ ወሌም ለአዲስ ነገር ዓይናቸውን የጨፈኑ መስፍን ተደርገው ብቻ መታየት የለባቸውም። የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ፣ የንግሥት ዘውዲቱ የቀድሞ ባል ነበሩ፤ ሰይፋቸውን ሲመዙም በዐይናቸው ፊት የነበረው የንግሥቲቱ ሥልጣን መሸርሸር ነው።

በአንቺም የመንግሥቱን ጦር የመሩት የጦር ሚኒስትሩ ሙሉጌታ ይገዙ ነበሩ። አውሮፕላን ከሰማይ ወረቀት በትኖ፣ ቀጥሎም ቦምብ ጥሎ ውጊያውን አገዘ። አዲስ መሣሪያ የአሮጌውን ሥርዓት ጦር መፍታቱ ከሳትሱማ ጋር ያመሳስለዋል። ከመሣሪያው ጀርባ ያለው ግን አይመሳሰልም። ጃፓን ሳይጎን ከመውጋቷ በፊት በ1872 እ.ኤ.አ. የትምህርት ሕግ፣ በ1873 እ.ኤ.አ. የብሔራዊ ውትድርናና የመሬት ግብር ሕግ አውጥታ ነበር። ሳይጎንና የሳሙራይ ወታደሮቻቸውን ያሸነፈው በአመዛኙ ከገበሬ ቤት የተመለመለ፣ ደመወዙን ከመንግሥት የሚቀበል ጦር ነው። በበጌምድር ግን ከአንቺም በኋላ የተለወጠው ገዥው ነበር። ጠቅላይ ግዛቱ ለራስ ካሳ ኃይሉ ተሰጠ፤ የርስትና የጉልት ሥርዓት እንዳለ ቀጠለ፤ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ገበሬ ከአዲሱ ሕገ መንግሥት ጋር የሚያገናኘው ትምህርት ቤትም ሆነ ፍርድ ቤት በአጭር ጊዜ አላገኘም።

ስለዚህ የጃፓን መንገድ ተከታዮች የአገር ውስጡን ትምህርት በከፊል ብቻ ፈጸሙት። መስፍኑን ከሥልጣን ማውረድ ተቻለ፤ መስፍኑ የቆመበትን የመሬትና የግብር ሥርዓት መለወጥ ግን ሌላ ትውልድ የሚጠይቅ ሆነ። ይህ ጉድለት በውጭ ፖሊሲው ላይ በቀጥታ ይንጸባረቃል፤ በቂ ግብር፣ በቂ መሣሪያና አንድ ወጥ ጦር የሌለው መንግሥት ደኅንነቱን በወዳጅነትና በቃል ኪዳን ላይ መጣል ነበረበት።

4. ወዳጅነት በሚዛን ላይ

ወዳጅነቱ መሠረት አልነበረውም ማለት አይቻልም። በ1919 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት የወዳጅነትና የንግድ ውል ፈርመው ነበር፤ በ1923 ዓ.ም. አሻሽለው አደሱት። የጃፓን አቡጀዲ በርካሽነቱ የአሜሪካንና የህንድን ጨርቅ ከገበያ እያስወጣ ነበር። ኅሩይ በጃፓን ቆይታቸው በክብር ተቀበሉአቸው፤ ከንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ ፊት ቀረቡ፤ ፋብሪካዎችንና ትምህርት ቤቶችን ጎበኙ፤ ተመልሰውም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ በ1924 ዓ.ም. አሳተሙ።

ኅሩይ ቶኪዮ በገቡበት ጊዜ ግን የጃፓን ጦር ማንቹሪያን መያዝ ከጀመረ ሁለት ወር ሊሆነው ነበር። ቻይና ጉዳይዋን ለመንግሥታት ማኅበር አቅርባ ትጠባበቅ ነበር። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. ማኅበሩ ውስጥ የገባችው አንድ አባል ቢጠቃ ሁሉም ይደርስለታል የሚለውን ቃል ኪዳን አምና ነው። እንግዲህ ልዑካኑ ያደነቁት መንግሥት፣ አገራቸው የተጠለለችበትን ቃል ኪዳን በዚያችው ሰዓት እያፈረሰ ነበር። በ1933 እ.ኤ.አ. ማኅበሩ የጃፓንን አድራጎት አልቀበልም ሲል ጃፓን ጥላው ወጣች። ጣሊያን ከዚህ የተማረው ማኅበሩ አጥቂን በቃል እንጂ በኃይል እንደማይቀጣ ነው። የጃፓን ድል በማንቹሪያ ለኢትዮጵያ ሩቅ ወሬ መስሎ ታየ፤ በተግባር ግን የወልወልን በር የከፈተ ምሳሌ ነበር።

ወዳጅነቱም ራሱ ጉዳት ይዞ መጣ። ከኅሩይ ጋር የተጓዙት ልጅ አርአያ አበበ ከጃፓን መኳንንት ቤት ከኩሮዳ ማሳኮ ጋር ሊጋቡ መታሰቡ፣ ጃፓን ለጥጥ እርሻ ሰፊ መሬት ተሰጣት የሚለውም የተጋነነ ወሬ በአውሮፓ ጋዜጦች ተናፈሰ። ጋብቻው በ1934 እ.ኤ.አ. ቀረ፤ ወሬው ግን ለጣሊያን ፕሮፓጋንዳ ምቹ መሣሪያ ሆነ። ኢትዮጵያ ከጃፓን ወዳጅነት ጦር መሣሪያ በብዛት ሳታገኝ፣ በወዳጅነቱ ምክንያት የሚመጣውን ጥርጣሬ ብቻዋን ተሸከመች።

በሐምሌ 1935 እ.ኤ.አ. በሮም የጃፓን አምባሳደር ሱጊሙራ ዮታሮ አገራቸው በኢትዮጵያ ጉዳይ ጣልቃ የመግባት ሐሳብ እንደሌላት ለሙሶሊኒ ነገሩት። በጃፓን ሕዝብ ዘንድ ቁጣ ተነሣ። ቶያማ ሚትሱሩን የመሳሰሉ ብሔርተኞች ለኢትዮጵያ ድምፃቸውን አሰሙ፤ ለመዝመት ፈቃደኛ የሆኑም ታዩ። ወደ ቶኪዮ የተላኩት ዳባ ብሩ በሕዝቡ ዘንድ ሞቅ ያለ አቀባበል አገኙ። የሕዝቡ ስሜት እውነተኛ ነበር፤ ፖሊሲውን የሚወስኑት ግን ሌሎች ነበሩ። በሂሮታ ኮኪ የሚመራው የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የሕዝቡን ስሜት አለዘበ እንጂ የአምባሳደሩን አቋም በመሠረቱ አልለወጠም።

በ1936 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጃፓን በአዲስ አበባ ሌጋሲዮን ከፈተች። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ከተማይቱን ያዘ። ዓመቱ ሳያልቅ፣ በኅዳር 1929 ዓ.ም. ገደማ፣ ጃፓን ሌጋሲዮኗን ወደ ቆንስላ ዝቅ አድርጋ የጣሊያንን ግዛት በተግባር ዐወቀች። ጣሊያን በበኩሉ በማንቹሪያ፣ በሙክደን ከተማ፣ ቆንስላ ለመክፈት ተስማማ፤ በሚቀጥለው ዓመትም ማንቹኩዎን በይፋ ዐወቀ። ልውውጡ ንጹሕ ሒሳብ ነበር፤ የአንዱ ወረራ በሌላው ወረራ ተመዘነ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ይህን ሁሉ በስደት ሆነው አዩት፤ በመስከረም 1931 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ዐረፉ።

ይህን ክሕደት ብሎ መሰየም ቀላል ነው። ነገር ግን ክሕደት የሚባለው ቃል ኪዳን ሲኖር ነው። ከ1876 እ.ኤ.አ. የኮሪያ ውል ጀምሮ የጃፓን ፖሊሲ መለኪያ ከኃያላን ጋር ያላት ቦታ ነበር። በዚያ መለኪያ ላይ ኢትዮጵያ ከማንቹሪያ የምትመዝንበት ቀን አልነበረም።

5. ከጦርነቱ በኋላ፦ አዲስ መሣሪያ

ኢትዮጵያ ነጻነቷን ካስመለሰች በኋላ በ1942 እ.ኤ.አ. በጃፓን ላይ ጦርነት ዐወጀች፤ በ1951 እ.ኤ.አ. ደግሞ የሳን ፍራንሲስኮውን የሰላም ውል ከፈረሙት መንግሥታት አንዷ ሆነች። የተሸነፈችው ጃፓን በ1947 እ.ኤ.አ. በሥራ ላይ በዋለው ሕገ መንግሥቷ ዘጠነኛ አንቀጽ ጦርነትን እንደ መንግሥት መብት ትታለች። የደኅንነቷን ጉዳይ ለአሜሪካ ትታ ጉልበቷን በምጣኔ ሀብት ላይ አደረገች። በ1955 እ.ኤ.አ. ከኢትዮጵያ ጋር ግንኙነቷን አደሰች፤ በኅዳር 1949 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጃፓንን ሲጎበኙ፣ ከጦርነቱ በኋላ በይፋ የመንግሥት ጉብኝት ያደረጉ የመጀመሪያው የውጭ ርእሰ ብሔር ሆኑ። ወደ ዓለም ማኅበር ለመመለስ ደጅ ስትጠና ለነበረችው ጃፓን ጉብኝቱ ዋጋ ነበረው፤ በሚቀጥለው ወር የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባል ሆነች። ልዑል አልጋ ወራሽ አኪሂቶም በ1960 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባን ጎበኙ።

ከዚያ ወዲህ የጃፓን የውጭ ፖሊሲ ዋና መሣሪያ የልማት ርዳታ ነው። በ1993 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የቶኪዮ ዓለም አቀፍ የአፍሪካ ልማት ጉባኤ፣ የቀዝቃዛው ጦርነት ማብቃት አፍሪካን ከኃያላን ዐይን ባራቀበት ጊዜ የመጣ ነው። በ2001 ዓ.ም. መጀመሪያ የተመረቀው የዓባይ በረሃ ድልድይ በጃፓን ርዳታ ተሠርቷል። በወረታ የሚገኘው የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም ከጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ድርጅት ድጋፍ ካገኙት ተቋማት አንዱ ነው። ከዚያው ከወረታ ተነሥቶ ወደ ንፋስ መውጫ የሚወጣውን መንገድ ግን በደርግ ዘመን የሠሩት ቻይናውያን ናቸው፤ የአካባቢው ሰውም በቻይና ስም ይጠራዋል። በአንድ ዞን ውስጥ፣ ከሜዳው የጃፓን ሩዝ ዕውቀት፣ ከደጋው የቻይና መንገድ ይገናኛሉ። በነሐሴ 2016 እ.ኤ.አ. ጠቅላይ ሚኒስትር አቤ ሺንዞ ነጻና ክፍት የህንድና ፓስፊክ ውቅያኖሶች ቀጣና የተባለውን ፖሊሲያቸውን ያስተዋወቁት በናይሮቢ መሆኑ ሲታወስ፣ የእስያ ኃያላን ሚዛን ዛሬም በአፍሪካ ምድር ላይ እንደሚመዘን ግልጽ ይሆናል።

6. ማጠቃለያ

የጃፓን የውጭ ፖሊሲ ከ1858 እ.ኤ.አ. እስከ ዛሬ መሣሪያውን ብዙ ጊዜ ለውጧል፤ ከውል ወደ ጦር፣ ከጦር ወደ ንግድ፣ ከንግድ ወደ ርዳታ ተሸጋግሯል። ያልተለወጠው መለኪያው ነው፤ ይኸውም ጃፓን ከእሷ በላይ ካሉና ከሚቀናቀኗት ኃያላን አንጻር የምትይዘው ቦታ። ይህን መናገር የዛሬውን ትብብር ማጣጣል አይደለም። ድልድዩ ሰው ያሻግራል፤ የሩዙ ምርምርም ለገበሬው ይጠቅማል። ነገር ግን ጥቅሙ የሚዘልቀው ተቀባዩ ሰጪው ለምን እንደሚሰጥ ሲያውቅ ነው።

የገብረ ሕይወትና የኅሩይ ትውልድ ከጃፓን መማር ይገባል ማለቱ ትክክል ነበር። የጎደለው የአንድን አገር የለውጥ ታሪክና የዚያን አገር የውጭ ፍላጎት ለይቶ ማንበብ ነው። አንዱ ለተማሪ፣ ሌላው ለዲፕሎማት የሚሆን ትምህርት ነው፤ ሁለቱን በአንድ አድናቆት ውስጥ ማስገባት አደጋ አለው። ከዚህ የሚነሣ ሦስተኛ የጥናት ጥያቄም አለ። የማዕከላዊ መንግሥት መጠናከር በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ገበሬ ዘንድ በምን መልክ ተሰማ? የአገር ውስጥ ለውጥ የውጭ ፖሊሲ መሠረት ከሆነ፣ መሠረቱ የሚለካው በቶኪዮ በተደረገው አቀባበል አይደለም፤ በአንቺም ማግስት ለገበሬው በተለወጠለትና ባልተለወጠለት ነገር ነው።